ሹክ ማለት የማይችለው የእህቴ ባል

በየሰፈሩ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የማይችል አንድ ሰው አለ። ከሌለ ያ ሰፈር ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። መንገዱ ተጠርጎ፣ መብራቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሰው እስኪመጣ ድረስ ግን የቤቶች ክምችት እንጂ ሰፈር አይባልም። ሌሎቻችን ሚስጥራችንን ጉያችን ውስጥ ሸጉጠን፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየታከክን የምንኖር ጨዋዎች ነን። እሱ ግን ሕዝባዊ መግለጫ ነው። እግር ያወጣ በራሪ ወረቀት!

እኛ ዘንድ ይህን ማዕረግ የያዘው፣ ዕድሌ ሆኖ፣ የእህቴ ባል ነው። ብረት በያጅ ነው፤ በርና መስኮት፣ የግቢ በር፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠራል። ዕድሜውን ሙሉ በመዶሻና በብረት መቁረጫው ግራይንደር ጩኸት መሃል ስለኖረ ግማሽ ጆሮው ጥሎት ሄዷል። የቀረውም ዓለም እንደሱ የማይሰማ ይመስለዋል። ሰፈሩ «ሊቀ ጩኸት» ብሎ ሾሞታል። ሹመቱን ተቃውሞ አያውቅም። ምናልባት አልሰማው ይሆናል።

የክቡር ሊቀ ጩኸት ገድል ብዙ ነው። አንድ ደንበኛ ጆሮው ሥር ተጠግቶ ዋጋ እንዲቀንስለት ይለምነዋል። ደግ ነውና ይቀንሳል። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ እንዲሰማ አድርጎ፣ «እሺ፣ ላንተ ብቻ ቀንሻለሁ! ለማንም እንዳትናገር!» ይላል። እህቴን እንደሚወዳት መጀመሪያ የሰማው ባለሱቁ ነው፤ ቀጥሎ ጫማ ጠጋኙ፤ ቀጥሎ እናቴ። እህቴ የሰማችው ሁሉም ከተስማማበት በኋላ ነው። እኔም አንድ ቀን ሞኝነት ይዞኝ ኪንታሮት እንዳስቸገረኝ አጫወትኩት። በማግስቱ ሱቅ ስሄድ የባለሱቁ ሚስት ምንም ሳትጠይቀኝ ለስላሳ ትራስ አቀበለችኝ። ልወቅሰው ብሄድ የዘወትር መፈክሩን አሰማኝ፦ «ምን ያስደብቅሃል? ሰረቅህ እንዴ?»

ከእህቴ ጋር ሲጋቡ የቤታቸው ሳቅ የጎረቤት ብርጭቆ ያንቀጫቅጭ ነበር። ልጅ ግን አልመጣም። ዓመት ዓመትን ወለደ፤ እነሱ ግን አልወለዱም። እህቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ቤቷ በሰው ልጅ ይሞላል። አንገት ትለካለች፣ ክንድ ትለካለች፣ «እጅህን ዘርጋ የኔ ጌታ» ትላለች፤ ልጆቹ ሲወጡ ከወለሉ ላይ ክር ትለቅማለች። አማቷ፣ ከሩቅ የማከብራቸው ሴት ናቸው፣ በመጡ ቁጥር ከፊቷ በፊት ሆዷን ያያሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዘንድሮም ዝም ነው?»

እህቴ ፈገግ ትላለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ልጆች ሳለን በር ጣቷን ሲቀረጥፋት ታወጣት የነበረችው ናት። ምን ታድርግ? በልጅ እጦት ጉዳይ የሕዝባችን አቋም ግልጽ ነው። ጥፋተኛው ሳይመረመር ይታወቃል፤ ቀሚስ የለበሰችው ናት።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ አላቸው። ሊቀ ጩኸት «እኔ ደግሞ ምን ሆኜ?» ብሎ ደረቱን መታ። ነርሷ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠችውና የሚያደርገውን በጆሮው ነገረችው። እሱም ሹክ ያለ መስሎት፣ «እዚህች ውስጥ? ብቻዬን?» አላት። እህቴ እንደነገረችኝ፣ በአዳራሹ የተቀመጡት ወንዶች በሙሉ በአንድነት የወለሉን ንጣፍ ማጥናት ጀመሩ። አንዳንዱም ለሆድ ቁርጠት የመጣ መሆኑ እንዲታወቅለት ሆዱን ያዘ።

ውጤቱ ግን አላሳቀም። በወንዱ ፈሳሽ ውስጥ ዘር የለም። ምርመራው ተደገመ፤ አሁንም የለም። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳ፦ ወንድነት ሌላ፣ ዘር ሌላ ነው፤ ዓይን እንደሚደክመው፣ ጆሮ እንደሚከብደው ሁሉ ይህም ያጋጥማል፤ ማንንም አያሳንስም። «መንገድም አለ» አላቸው። በትንሽ ቀዶ ሕክምና ዘሩ ከምንጩ ይፈለጋል። ካልተገኘ የሌላ ሰው ዘር አለ። ጉዲፈቻም አለ።

ሊቀ ጩኸት ከዚያ ክፍል ሲወጣ ዝም አለ።

ሰፈሩ ታወከ። ወርክሾፑ ውስጥ መዶሻ ብቻ ይሰማል። ሠራተኞቹ «ጋሼን ምን ነካቸው?» ይባባላሉ። ጫማ ጠጋኙ ሰውየው በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ በበሩ ቀዳዳ አጮለቀ። እኔም ለዓመታት ዝም በል ስለው የኖርኩ ሰው፣ ዝም ሲል እንቅልፍ አጣሁ። እህቴን ብጠይቃት ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ሁሉንም ነገረችኝ።

«በእኔ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው» አለች። «እኔ ለምጄዋለሁ። እሱ ግን ሰው ከሰማበት ይሞታል።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ። አንተ ብቻ አፍህን ያዝ።»

አንድ እሑድ አማቷ ዘመድ ሰበሰቡ። እኔም በእህቴ ወገን ተጠራሁ። ሰብሳቢው የባሏ አጎት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸውና ነገርን በቀጥታ መናገር ለጤናቸው አይስማማም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ስለ ጎጆ ስለ ትዳር አወሩ፣ ከብዙ ጉዞ በኋላ ከአንድ ዛፍ ሥር ደረሱ። «ዛፍ አላፈራ ካለ ገበሬው ምን ያደርጋል? አጠገቡ ሌላ ችግኝ ቢተክል ነውር የለበትም።» ሌላ ሚስት ያግባ ማለታቸው ነው። እህቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷ ላይ የቀረ ክር ትለቅማለች። እኔ ልነሳ ስል የእህቴ ባል ቀደመኝ።

«እማዬ፣ በእኔ ነው።»

«ምኑ ልጄ?»

«ዘር የሌለኝ እኔ ነኝ! ሐኪም ሁለቴ አይቶኛል! እሷ ምንም አልጎደላትም!»

«ኧረ ዝም በል! ጎረቤት ይሰማል!»

«ይስማ! እሷን ስትናገሯት ጎረቤቱ መቼ ጆሮውን ደፈነ?»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ፊት ለፊት ልብስ የምታሰጣ ሴት እርጥብ ሱሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ያወጣል እንዴ?» አሉ አጎቱ።

«ምን ያስደብቀኛል አጎቴ? ሰረቅሁ እንዴ? ያላፈራው ዛፍ እኔ ነኝ! መንቀል ካማራችሁ እኔን ንቀሉ! የተናገራችኋትን ሁሉ ግን አንድ ባንድ መልሳችሁ ውሰዱ!»

እናቱ ግን፣ «በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። «በአባቱ ነው።» አጎቱ ደግሞ የአባቱ ወንድም ናቸው፤ «ኧረ በሕግ!» ብለው ብድግ አሉ። ስብሰባው የአቋም መግለጫ ሳያወጣ ተበተነ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ግን አሮጊቷ ሄደው እህቴ አጠገብ ተቀመጡ። ቀሚሷ ላይ የቀረችውን አንዷን ክር አነሱላት።

ሰፈሩ ወሬውን እንደ ድግስ ተሻማው። ሻይ ቤት ውስጥ አንድ አናጢ አለ፣ የሰው ገመና ሳያላምጥ ሻይ የማይወርድለት። «ሊቀ ጩኸት ለካ ጥይት የሌለው መድፍ ኖሯል!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የተሰደበውም ሳቀ፤ ከሁሉም አስበልጦ። «ድምፁ ከደረሰህ ይበቃኛል!» አለው።

ከዚያ በኋላ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። የሰፈሩ በር ሁሉ መበላሸት ጀመረ። ባል የሆነ ሁሉ የበር ማጠፊያ ይዞ ወርክሾፑ ብቅ ይላል። ማጠፊያው ጤነኛ ነው። ባለማጠፊያው ግራ ቀኝ ያይና፣ «እኔ የምልህ… ያ ሐኪም የት ነበር ያልከኝ?» ይላል። የመጀመሪያውን ሰው ሊቀ ጩኸት ጉድ ሠራው፦ «ሚስትህን ይዘህ ሂድ! የሚሰጡህ ዕቃ ትንሽ ናት፣ አትፍራት!» ሰውየው ማጠፊያውን ጥሎ ሄደ። በኋላ ግን ክቡርነታቸው ዘዴ ፈጠሩ። ማጠፊያ የያዘ ሰው ሲገባ ግራይንደሩን ያስነሳና ቁራጭ ብረት ላይ ያሳርፈዋል፤ በዚያ ጩኸትና ፍንጣሪ መሃል ሁለቱ አፍ ለጆሮ ገጥመው ይጯጯሃሉ። ከውጭ የሚሰማው የብረት ዋይታ ብቻ ነው። አንድ ቀን አናጢውም መጣ፤ ማጠፊያ ይዞ። አናጢ! ዕድሜውን ሙሉ ማጠፊያ ሲገጥም የኖረ ሰው! ግራይንደሩ ያን ቀን እስኪግል ጮኸ፤ አናጢውም ሲወጣ ዓይኑን ፍንጣሪ እንደነካው ተናገረ።

የእህቴ ባል ቀዶ ሕክምናውን ሞከረ፤ ምንም አልተገኘም። ስለ ሌላ ሰው ዘር ሁለቱ ብዙ ተመካከሩ፤ ማለትም ሰፈሩ አብሮ ተመካከረ። «ማርገዝ ካማረሽ እኔ ቅር አይለኝም፤ የወለድሽው ልጄ ነው» አላት።

«እኔን ያማረኝ ልጅ እንጂ እርግዝና አይደለም» አለችው እህቴ። «እናት የምትጠብቅ ልጅ እያለች እኛ ምን እንጠብቃለን?»

ጉዲፈቻ አመለከቱ። ቤታቸው ታየ፣ ጤናቸው ታየ፤ መራመድ የጀመረች አንዲት ልጅ ታሰበችላቸው። በመጨረሻ የቅርብ ዘመድ ቃል ተፈልጎ እኔ ተጠራሁ። ባልና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ኃላፊዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስተካክላ አየችኝ።

«ለአመልካቹ ምናቸው ነዎት?»

«ወንድሙ።»

ፋይሉን ገለጠች። «እዚህ የባለቤታቸው ወንድም ነው የሚለው።»

«እሱንም ነኝ።»

«ጥሩ። አባወራው ጯኺ ናቸው የሚል ጥቆማ ደርሶናል። የምንሰጣቸው ትንሽ ልጅ ናት፤ ይህ ካልጠራልን አንፈቅድም። እውነት ነው?»

መካድ አልችልም። እሱ ራሱ በዚያች ቅጽበት ከተዘጋው በር ጀርባ ለእህቴ፣ «ምን እያለ ነው? ይሰማሻል?» እያላት ነበር።

«እውነት ነው» አልኩ። «ይጮኻል። ግን ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም፤ ለሰው ነው የሚጮኸው።»

የእሑዱን ስብሰባ ነገርኳት። ማጠፊያዎቹን ነገርኳት። «ስንቱ ባል ከሚስቱ ቀሚስ ጀርባ ተደብቆ እንደሚያረጅ ያውቃሉ?» አልኳት። «ይህ ሰው ራሱን ለሻይ ቤት መሳለቂያ ሰጥቶ እህቴን ከሰው ምላስ አወጣት! ማንም አላዘዘው፣ ማንም አላስገደደው! ይቺ ልጅ ነገ ‹ከየት መጣሁ?› ብላ ስትጠይቅ እውነቱን የሚነግራት፣ ‹ነውር ነው፣ ዝም በይ› የማይላት አባት ከፈለጋችሁላት—»

«ጌታዬ» አለች ኃላፊዋ፣ «ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፤ ጎን ያለው ክፍል ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው።»

«ይስሙ!» አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣች፤ ሲያርፍ ጠረጴዛው ጓ አለ። «የቀረን የእርስዎ ቃል ነበር። ማክሰኞ መጥተው ልጃቸውን ይውሰዱ።»

በሩን ስከፍት የእህቴ ባል ሁሉን ሰምቶ ቆሟል፤ በዚያች በግማሽ ጆሮው። ያለቅሳል፤ ድምፁን ውጦ እንዳይመስላችሁ፣ የኮሪደሩ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ነው። እህቴ ደረቱ ላይ ተለጥፋለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ዘበኛው ቆቡን በእጁ ይዞ ከውጭ እየሮጠ መጣ።

«ምነው? ማን ሞተባችሁ?»

«ማንም አልሞተም!» አልኩት፣ የየቢሮው በር ሁሉ እስኪከፈት። «ወንድሜ አባት ሆነ!»