ጥቁሩን ጉድጓድ ለማብራት ስለ መጣው ቢጫ መጋረጃ

የቤተ መጻሕፍቱ የሳይንስ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ኮሚቴ ቅዳሜ መጋቢት 6 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት በሕፃናት ማንበቢያ ክፍል፣ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ጡረተኛ ፖስተኛ)፣ የፊዚክስ መምህርቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጸሐፊው።
ያልተገኘ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፤ መብራት ጠፍቶበት።
ከአምስት አራት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ለዐውደ ርእዩ የሚሠራውን የጥቁር ጉድጓድ (የሕዋው “ብላክ ሆል”) ሞዴል ስለ ማብራት

መምህርቷ ጉድጓዱ ራሱ እንደማያበራ፣ የሚያበራው ሊገባበት ዙሪያውን የሚሽከረከረው ጋዝ እንደሆነ፣ እሱም እየተፋተገ ሲግል ሐኪም ቤት አጥንት የሚያሳየውን ዓይነት ጨረር ሳይቀር እንደሚረጭ አስረዱ። ሰብሳቢው፣ “ታዲያ የፖስታ ቤቱ ሰልፈኛ ያን ሁሉ ዓመት ሲፋተግ ምነው አላበራ?” አሉ። መምህርቷ፣ “ግሎ ነበር እኮ ጋሼ፤ ይጮህብዎት አልነበር!” ሲሉ መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ አምፖል እንዲገባ ተወሰነ። መምህርቷ ተቃውሟቸውን አስመዘገቡ።

አጀንዳ 2፦ ጋዙን ስለሚወክለው ጨርቅ

ጸሐፊው ሟች ባለቤቱ በእጇ የሰፋችውን ቢጫ የሳሎን መጋረጃ በማምጣቱ ተመሰገነ። ለጉድጓዱ መሐሉ በክብ ይቆረጥ ተባለ። መቀሱ ሲቀርብ ጸሐፊው ጨርቁን አልለቀቀም። ልብስ ሰፊዋ፣ “ወንድሜ፣ ራስህ አይደለህ ውሰዱት ያልከው?” ቢሉት፣ “በአፌ ሰጥቻለሁ፤ እጄ ገና አልሰማም” አለ።

ነገሩ በድምፅ ይለይ ተባለ። የሚቃወም እጁን እንዲያወጣ ሲጠየቅ የጸሐፊው ሁለት እጆች ጨርቁን ይዘው ስለነበር ተቃውሞው አልተቆጠረም። እንዲቆረጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ የገባ ነገር ይመለስ እንደሆነ ጠየቁ። መምህርቷ፣ “የገባው አይመለስም። ሳይገባ የሰጠው ብርሃን ግን መንገዱን ቀጥሏል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው እሱ ነው” አሉ። ጸሐፊው እንዲደገምለት ጠየቀ፤ ተደገመለት። አሁንም እንዲደገምለት ጠየቀ። ሰብሳቢው፣ “አልጻፍከውም እንዴ?” ቢሉት መጻፉን አመነ። ከዚያም ጨርቁን ለቀቀና፣ “ቁረጡት” አለ።

ልብስ ሰፊዋ ጠርዙን ገልብጠው ስፌቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። “ይቺን እጅ እኔ አልቆርጣትም” ብለው መቀሱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። አምፖሉ ከጉድጓዱ ወጥቶ መጋረጃውን ከላይ ያብራ፤ መጋረጃው እንዳለ ይዘርጋ፤ በጉድጓዱ ፋንታ የሰብሳቢው ጥቁር ጃንጥላ ተከፍቶ መሐሉ ላይ ይቀመጥ። ሰብሳቢው ውጭ እየዘነበ መሆኑን ቢያሳስቡም፣ የገባው እንደማይመለስ ተነግሯቸዋል።

ጉባኤው 11 ሰዓት ላይ፣ ሰብሳቢው ጋዜጣ ደፍተው ሲወጡ ተበተነ። ጸሐፊው በልቡ “ተመስገን” ብሏል፤ አጀንዳ ስላልተያዘለት አልተመዘገበም።