የኦቦ ገመቹ የሩጫ ቦርሳ

ሰው ለምን ይሮጣል? አትሌት ከሆነ ለሜዳሊያ፣ ሌባ ከሆነ ለነፍሱ። እኛ አምቦዎች ግን አንድ ትልቅ ሰው በአስፋልት ዳር ሲሮጥ ካየን ሌላ ነገር አናስብም፤ ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ እናቆመዋለን። ባጃጁ ይቆማል፣ ጋሪው ይቆማል፣ የማያውቀው ሁሉ «ደህና ነው?» ይለዋል። ደግ ሕዝብ ነን። ይህን ስል ትንሽ እያፈርኩ ነው፤ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ።

ኦቦ ገመቹ በእኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ ለጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ሐኪም «ስኳርዎ እየጨመረ ነው፣ ይንቀሳቀሱ» ሲላቸው፣ እንደማናችንም እሺ ብለው መርሳት ሲገባቸው የምራቸውን ያዙት። በጉደር መንገድ ካለው ቤታቸው እስከ ቢሮ በሩጫ መመላለስ ጀመሩ። ልጃቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ ቦርሳ ላከችላቸው። ቦርሳ ልበለው እንጂ ባዶውን ስታነሡት የያዛችሁት አይመስላችሁም፤ አፉ ተጠቅልሎ ይቆለፋል፣ ደረትና ወገብ ላይ ይታሰራል፣ የሐምሌ ዝናብ ቢወርድበት ጠብታ አያስገባም። ኦቦ ገመቹ የራሰች ዶሮ መስለው ቢሮ ይደርሱና ከውስጡ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ክራቫትና ምሳ ዕቃ ያወጣሉ፤ ሁሉም ደረቅ! በጃንጥላ የመጣነው እኛ ካልሲያችንን እንጨምቃለን።

መጀመሪያ ሰሞን መከራቸውን አዩ። ባጃጁ ሁሉ እየቆመ «ማን ሞተ?» ሲላቸው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው ቦርሳውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ሥራ እየገባሁ ነው፣ እለፉ ማለታቸው ነው። ቀስ በቀስ ከተማው ለመደ። መቆሙ ቀረና ማበረታታት መጣ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ አስም ያለባቸው ሳቂታ ሴት፣ «እኔማ ባሌን ለሕዝብ ሰጠሁት» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ስልክ አልሠራ ባለበት አንድ ሰሞን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በባጃጅ ወደ ቢሮ እየመጣሁ ነበር፤ ቤቴ ከእሳቸው ቤት አለፍ ብሎ ነው። ዝናቡ ያካፋል። ኦቦ ገመቹ ከፊታችን ይሮጣሉ። ቦርሳው ጀርባቸው ላይ አለመኖሩን አይቻለሁ፤ ዋሽቼ አላየሁም አልላችሁም። ዛሬስ ረስተውት ወጡ ብዬ ፈገግ አልኩ። ስንደርስባቸው ዞሩና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋላቸው፤ «ኦቦ ገመቹ፣ ጀባዳ! ይበርቱ!» እኔም ሁለት እጆቼን አንሥቼ ሰላምታቸውን መለስኩ። አጠገቤ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር።

አዴ ጫልቱ አስማቸው ተነሥቶባቸው፣ ኦቦ ገመቹ ለጎረቤት ትተዋቸው መኪና ፍለጋ መውጣታቸው ነበር። ስንት ባጃጅ «ይበርቱ» ብሏቸው እንዳለፈ አላውቅም፤ የእኛን ግን አውቃለሁ። በመጨረሻ የቆመላቸው አንድ የጭነት መኪና ነው፤ ሹፌሩ ለአገሩ እንግዳ ስለሆነ አያውቃቸውም። ቤት ሲደርሱ አዴ ጫልቱ አልፈዋል።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። «ሰው እንዴት አንድ እንኳ አይቆምም?» ሲባል እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ጭራሽ ከሁሉም ጮክ ብዬ «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አትጠይቁኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ሳገኛቸው፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ልነግራቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ኦቦ ገመቹ፣ ያን ዕለት ጠዋት...» ስል ዕንባዬ ቀደመኝ።

እሳቸው ጉልበቴን ያዝ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «ዝናቡም ዕንባውም ጋርዶኝ በባጃጆቹ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ አላየሁም። አንተማ ብትኖር ታስቆምልኝ ነበር።»