ሰው አይግባ ያልኩበት የወንዝ ዳር

መሬትን ዝም ብሎ እንደመተው ያለ ከባድ ሥራ የለም። ካላመናችሁኝ ግቢያችሁ ጥግ አንዲት ክንድ መሬት ሳትነኩ ክረሙና እዩ፤ ወይ እናንተ ጎመን ትተክሉባታላችሁ፣ ወይ ጎረቤት በግ ያስርባታል።

እኔ በደን ባለሙያነት የተቀጠርኩት ለዚሁ ነበር። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ መንገድ የሠሩት ሰዎች የድንጋይ መፍጫቸውን ነቅለው ሲሄዱ ዘይት የጠጣ አፈርና የጠጠር ክምር ትተውልን ነበር። ቦታው ወደ ጥንት ጫካነቱ እንዲመለስ ወይራና ኮሶ ተከልን። የአንድ ዓመት ውሌ የሚታደሰው ገምጋሚዎች መጥተው በአገር በቀል ዛፍ መሸፈኑን ካረጋገጡ ብቻ ነው፤ አለዚያ እብናት ተመልሼ ከአባቴ ጋር የእህል ጆንያ መሸከም ነው። ስለዚህ ችግኞቹን በየሳምንቱ እቆጥራለሁ፤ ተሳስቼ ይሆናል ብዬም ደግሜ እቆጥራለሁ። በየሳምንቱ ይቀንሳሉ። ጥበቃ ቀጠርን። መጀመሪያ የገቡት የጥበቃው በሬዎች ነበሩ።

ቢጨንቀኝ የሰበካውን ቄስ፣ መምሬ አድማሱን፣ ቦታውን እንዲገዝቱልኝ ለመንኳቸው። ምን ምን እንደሚከለከል ጽፈህ አምጣ አሉኝ። ጻፍ ከተባልኩ ማን ያቆመኛል? ቀዳዳ እንዳይኖረው በተራ ቁጥር አሰፈርኩት፦ አንደኛ ከብት አይግባ፤ ሁለተኛ ስለት ያለው መሣሪያ አይግባ፤ ሦስተኛ ሰው አይግባ። መምሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ቃል በቃል አነበቡት። ከዚያ ወዲህ ፍየል እንኳ ዞራ ታልፍ ጀመር። ቆቅ ብቻ ገባች፤ እሷ አልተገዘተችም።

ቦታው ለመለመ። ችግሩ አብሮ የለመለመው ነው፤ ነፋስ ያመጣው ባሕር ዛፍ በቅሎ ወይራዬን በአንድ ክረምት በቁመት በለጠው። ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው መምሬ ዘንድ ሄጄ፣ ገብቼ ልንቀለው፣ ለአንድ ቀን ብቻ ይፍቱልኝ አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ለአንድ ቀን ብፈታው ላሞቹ ቀን አይቆጥሩም» አሉኝ።

ገምጋሚዎቹ መጡ። አለቃቸው ገብቶ ሊያይ እግሩን ሲያነሳ፣ መንገድ የሚመራው ገበሬ ቀስ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ግዝት አለበት» አለው። ሰውየው እግሩን መለሰ፤ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ፤ ግምገማውንም ከወንዙ ማዶ ሆኖ ጨረሰ። ከማዶ ደግሞ ሁሉም አረንጓዴ ነው። «ከሰው ንክኪ የተጠበቀ» ብሎ ጻፈልኝ። ውሌ ታደሰ። ስለ ባሕር ዛፉ ልናገር አፌን ከፍቼ እንደነበር እመኑኝ፤ ግን መልሼ ዘጋሁት።

ዘንድሮ ግዝቱ ሊታደስ ሲል «ባለሙያውን አይመለከትም» የምትል አራተኛ ነጥብ ጨምሬ ለመምሬ ወሰድኩላቸው። አነበቡና ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«ይህችን ካነበብኩላቸው» አሉ፣ «ነገ ላም ያለው ሁሉ ባለሙያ ነው።»