ለበቅሎ የተፈቀደ ለቅሶ

ነገሩ ሁሉ ከመለወጡ በፊት፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 1975 ዓ.ም. ድረስ፣ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማችን በጤና ረገድ የሚከተለውን ትመስል ነበር። ጤና ጣቢያችን አንድ ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ጎማው የላላ የደም ግፊት መለኪያና የራስ ምታት ክኒን ነበረው። ሕዝቡ ደግሞ ሰው ሲሞትበት ይጮኻል፤ ደረቱን ይመታል፤ ሙሾ ያወርዳል፤ የሟቹን ልብስ በበቅሎው ላይ አድርጎ በለቅሶው መካከል ያዞራል። ከዚያ ዕንባውን ጠርጎ፣ ንፍሮውን በልቶ፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህንንም «እርም ማውጣት» ይለው ነበር። የኋላ ቀርነታችን ልኩ ይኸው ነው።

ከዚህ ያወጡን የጤና ዘመቻ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጓድ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ለሴሚናር ተልከው፣ ሲመለሱ አእምሮና አካል አንድ መሆናቸውን ይዘውልን መጡ።

«ጓዶች፣ በሳይንስ እንደ ተረጋገጠው ኀዘን አካልን ያሳምማል» አሉ በስብሰባው ላይ፣ ዘወትር እንደሚያደርጉት አንድ እጃቸውን በጨጓራቸው ላይ ጭነው።

አንድ ቄስ ከኋላ ተነሡ። «ልክ ነዎት። ሰሎሞንም ያዘነ መንፈስ አጥንትን ያደርቃል ብሏል።»

«ሰሎሞን ባላባት ነው። ይቀመጡ።»

ቄሱ ተቀመጡ፤ ሳይንሱ ቀጠለ። በሽታን የሚያመጣው ኀዘን ከሆነ፣ ኀዘን ሲከለከል በሽታ ይቆማል፤ መድኃኒትም ይተርፋል። ይህን አስተሳሰብ ደጋግሜ መርምሬዋለሁ፤ ከውጤቱ በቀር እንከን አላገኘሁበትም።

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ደረት መምታት ልብን ስለሚጎዳ ቀረ። ሙሾ ሳንባን ስለሚያደክም ቀረ። የሞት ማስረጃ ወረቀት ሳይመጣ ለዘማች ማልቀስ ደግሞ ጤናን ከመጉዳቱም በላይ አሉባልታ ነውና ፈጽሞ ተከለከለ። በምትኩ ነዋሪው በየቅዳሜው በቀበሌው አዳራሽ እየተገኘ ለአንድ ሰዓት እንዲደሰት ታዘዘ። የቀረ ስኳር አያገኝም።

በኅዳር ወር ባንቺዓለም የምትባል ጥጥ ፈታይ ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። እናትና አባት የሞቱበትን ታናሽ ወንድሟን ፋንታን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለዘመቻ የሰጠች ሴት ናት። በምርኩዝ ወደ ብቸና የተመለሰ አንድ ወታደር ፋንታን በገዛ እጁ እንደ ቀበረው ነግሯታል። ሚዛን ላይ ስትወጣ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ነበረች፤ በታኅሣሥ አርባ ሁለት ሆነች። ጓድ ኃይለ ሚካኤል ራሳቸው ሊያነጋግሯት መጡ።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ፣ ጓዲት?»

«እህል አይወርድልኝም። እዚህ ጋ ይቆማል» አለች፣ ደረቷን እያሳየች። «ወንድሜ ሞቶብኝ አላለቀስሁለትም።»

«ወረቀት መጥቷል?»

«የቀበረው ልጅ ነው የነገረኝ።»

«ወረቀት ካልመጣ በሕይወት አለ። እንኳን ደስ አለሽ።»

ባንቺዓለም ልትወጣ ተነሣች።

«የጎደለሽ ደስታ ነው» አሉ ጓድ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳራሹ እንዳትቀሪ።»

«እንደ ስኳሩ በወረፋ ነው፣ ጌታዬ?»

«በነፍስ ወከፍ ነው።»

ሦስት ቅዳሜ እንደ ታዘዘችው ተደሰተች። በሦስተኛው ደስታ ላይ ወደቀችና በቃሬዛ አመጧት። ሚዛኑ ሠላሳ ስምንት አለ። በዚሁ አያያዝ ጥቂት ቅዳሜ ብትጨምር እንደምትሞት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ወለተ ሐና ወደ ነገሩ ገቡ። ወለተ ሐና የከተማችን ስመ ጥር አልቃሽ ናቸው፤ መመሪያው ከወጣ ጀምሮ ሥራ ፈትተው ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞት ነበር። ፋንታ ሲዘምት ለእኅቱ ትቶት የሄደው በቅሎ በጥር መጀመሪያ በእርጅና ሞተ። ይህን እንደ ሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት እያነከሱ ሄዱ።

«ለበቅሎ ማልቀስ ክልክል ነው?»

ጓድ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። በቅሎ የለበትም።

«በቅሎ የማምረቻ መሣሪያ ነው» አሉ ካሰቡ በኋላ። «ለማምረቻ መሣሪያ መቆርቆር ተራማጅ ስሜት ነው። ይለቀስለት።»

«ደረት ጭምር?»

«በልኩ።»

በማግስቱ ከተማው በሙሉ በባንቺዓለም ግቢ ተገኘ። በሰው ለቅሶ የሟቹን ልብስ በቅሎው ይዞ ይዞራል፤ እዚህ ሟቹ በቅሎው ራሱ ስለ ሆነ ልብሱን ሰው ያዘው፤ የፋንታን ኮት፣ የፋንታን ባርኔጣ፣ የፋንታን ፎቶግራፍ። ወለተ ሐና ጉሮሯቸውን ጠርገው አወረዱት።

«ደብዳቤህ ያማረ፣ ነጠላህ የነጣ፣
በቅሎዬ ምን ነካህ፣ ቀረህ ሳትመጣ።»

በቅሎው ከአጥሩ ሥር ተጋድሞ ይታያል። መቼ ደብዳቤ እንደ ጻፈ የጠየቀ ግን የለም።

ሥርዓት እንዲያስከብር የተላከው የቀበሌ ጠባቂ ኮቱን አየና፣ «ይህ የማን ነው?» አለ።

«የበቅሎው» አሉ ወለተ ሐና።

ጠባቂው ኮቱን ደግሞ አየው። «ትከሻው ጠበብ ያለ ነበር ማለት ነው» አለና ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ከለቀስተኛው መካከል ተቀመጠ።

የሞጣው ነጋዴ ሙሐመድሁሴን አህዮቹን ጨው ጭኖ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ ገባ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«በቅሎ።»

ፎቶግራፉ አጠገቡ ሲደርስ ብዙ ተመለከተው። «እኔም ሞጣ አንድ ነበረኝ» አለ። «አምና ነው ወሬው የመጣልኝ።» ጥምጣሙን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ከእርሱ በኋላ በግቢው ውስጥ በቅሎ ያልሞተበት ሰው ጠፋ።

ባንቺዓለም ከልኩ በላይ ደረቷን መታች። ከቀትር በኋላ ንፍሮ ቀረበላት። አንድ እፍኝ ሰጧት፤ ሁለተኛውን ራሷ ዘገነች። በመጋቢት ሚዛኑ አርባ ስድስት አለ።

ጓድ ኃይለ ሚካኤልም «በተካሄደው የተቀናጀ የደስታ ዘመቻ» የተገኘውን ድል ለአውራጃው አስታወቁ፤ ተጨበጨበላቸው።

ከዚያ ወዲህ በከተማችን በቅሎ በበቅሎ ላይ ይሞት ጀመር። ነዋሪው የለቅሶ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጓድ ይፈቅዳሉ፤ ግልባጩ ለእርሻ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እንቅልፍ ያጡት ተኙ፤ ደረታቸውን የሚወጋቸው ተነፈሱ፤ ወለተ ሐናንም ቁርጥማቱ ለቀቃቸው። አልሻል ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም በወተት ብቻ የሚኖሩት ጓድ ኃይለ ሚካኤል።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ደስታው እንዳበቃ፣ ጓድ ከወለተ ሐና ደጅ ቆሙ።

«እሜቴ፣ በቅሎ ሞቶብኛል።»

«እርስዎ በላንድሮቨር አይደለም እንዴ የሚሄዱት?»

«ብቸና ነበረኝ። አብሮኝ ነው ያደገው።»

«ወረቀት መጥቷል?»

«አልመጣም።»

ወለተ ሐና ከመደቡ ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። «ስሙን ይንገሩኝ። ያለ ስም አልችልበትም።»

ጓድ ተቀመጡ። «ወልደ ሰንበት።»

«መልካም የበቅሎ ስም ነው» አሉ ወለተ ሐና፤ መቀነታቸውንም አጠበቁ።

ጓድ እሑድ ለቅሶው ላይ ዋሉ፤ በሳምንቱ ቀይ ወጥ በሉ።

በሰኔ እርሻ ጽሕፈት ቤቱ ግልባጮቹን ደምሮ ደነገጠ። ስልሳ አራት በቅሎ የፈጀ ወረርሽኝ ገብቷል ተብሎ ከደብረ ማርቆስ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሦስት መቶ ክትባት ይዞ መጣ፤ ቤት ለቤትም ዞረ። ባለፈው ቆጠራ በከተማችን የነበሩት በቅሎዎች ዐሥር ናቸው። ሐኪሙ ዘጠኝ አገኘ፤ ሁሉም ጤነኞች ነበሩ።