በስኳር የመጣው ኢንተርኔት

ኢንተርኔት ወደ ባሕር ዳር በስልክ ሽቦ ገባ የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት! በስኳር ነው የገባው። ምስክሩ እኔ ነኝ። ሩብ ኪሎ፣ ሩብ ኪሎ እየሆነ፣ በሹም አቦ ሰፈር በኩል...

ትስቃላችሁ አይደል? ልጄም ስቃለች። ያለፈው ቅዳሜ እናቷ «ይህ ጓዳ ዛሬ ካልጸዳ እኔ ራሴ ወጥቼ እለቅላችኋለሁ!» ብላ ዐዋጅ ስታስነግር፣ ማኅሌት ከቁምሣጥኑ ጀርባ አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች። ማኅሌት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከስልኳ ተለይታ ያየኋት ጠበል ስትጠመቅ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተር መጽሔት ነዋ! ስለ ኢንተርኔት የሚያስተምር።»

«ወረቀት ላይ?»

«ወረቀት ላይ።»

«ኢንተርኔትን ለመማር ለምን ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉትም ነበር?»

እስቲ ፍረዱኝ! ክብሪት ያጣን ሰው «ለምን በእሳት አትለኩሰውም» እንደ ማለት እኮ ነው!

ወለሉ ላይ ተቀምጠን መግለጥ ጀመርን። አንዱ ገጽ ላይ ጎተራ የሚያህል ኮምፒውተር አቅፎ የሚስቅ ሰውዬ አለ፤ ጥርሱን ስታዩት ሎተሪ የወጣለት ይመስላል። ሌላው ገጽ ላይ «በዚህ ወር ኢንተርኔት ላይ ሊጎበኙ የሚገባቸው ቦታዎች» ይላል። ሁሉም ተዘርዝረው ገጹን እንኳ አልሞሉትም። ያኔ ኢንተርኔት ተጎብኝቶ ያልቅ ነበር ጎበዝ! ሽፋኖቹ ላይ ደግሞ የሙጫ ምልክት አለ። «ኢንተርኔትን በነጻ ይሞክሩ» የሚሉ ሲዲዎች ተለጥፈውባቸው ነበር። ሲዲዎቹን ዱርቤቴ ያለው አጎቴ ወስዶ ዳጉሳው መኻል ሰቀላቸው። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ወፉ ሁሉ እየደነገጠ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄድ ጀመር። ከእነዚያ ሲዲዎች ጥቅም ያገኘ ሰው ቢፈለግ ከአጎቴ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም።

ወደ ስኳሩ ልመለስ። ያኔ ገና ሥራ የያዝሁ ወጣት ነኝ። ሹም አቦ ውስጥ ከጓደኛዬ ከይበልጣል ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ የምንሠራውም አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ይበልጣል እንደ ስሙ ነው። ራሴን አመመኝ ብትሉት እሱ ራሱንም ወገቡንም ያመዋል። አንድ ቀን ከእትዬ ማሬ ሱቅ ስኳር ገዝቼ ስመለስ የተጠቀለለበት ወረቀት ዐይኔን ያዘው። ያብረቀርቃል፤ ሽታው ደግሞ እንደ አዲስ ጫማ ደስ ይላል። ስኳሩን ብርጭቆ ውስጥ ገልብጬ እንግሊዝኛውን ማንበብ ጀመርሁ። «ከቤትዎ ሳይወጡ ዓለምን...» ይልና እዚያ ላይ ተቀዷል።

«ይበልጣል! ቀሪው እትዬ ማሬ ዘንድ ነው!»

«ታዲያ ምን ያስቆምሃል? ሂድና ስኳር ግዛ!»

እንግዲህ የመጽሔት ደንበኛ የሆንሁት በዚህ መንገድ ነው። ሌላው በወር ወይም በዓመት ይመዘገባል፤ እኛ በስኳር ተመዘገብን። ችግሩ እትዬ ማሬ ገጽ መርጠው አይጠቀልሉም። ጽሑፉ ልብ ሰቃይ ቦታ ላይ ሲደርስ ምስር ክክ የገዛ ጎረቤት ተከታዩን ገጽ ይዞት ይሄዳል። «ሞደሙን ከስልክ መስመር ጋር ካያያዙ በኋላ በፍጹም...» በፍጹም ምን? ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም! ሻያችን ማር ማር አለ፤ ጥርሳችንን ያመን ጀመር።

«ምነው ልጆቼ፣» አሉን አንድ ቀን እትዬ ማሬ፣ «ንብ ታረባላችሁ እንዴ?»

እውነቱን ስንነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡ፤ ኮሌጅ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ጥሎት የሄደ ነው። «ለእኔ ሌላ መጠቅለያ አምጡልኝ እንጂ ለእናንተው ይሁን፤ ወረቀት በወረቀት!» አሉን። የቆየ ጋዜጣ ተሸክመን ሄድን፤ ካርቶኑን ተሸክመን ተመለስን። ያን ዕለት ሻያችንን ያለ ስኳር ጠጣን፤ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም!

መጽሔቶቹን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ደገምናቸው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለን፤ ኮምፒውተር! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከሁሉ አንጀታችንን የበላው «የራስዎን ገጽ ራስዎ ይሥሩ» የሚለው ጽሑፍ ነበር። ገጹ ላይ በሰማያዊ የተሰመረበት ቃል ይኖራል፤ እሱን ሲነኩት ወደ ሌላ ገጽ ይወስድዎታል ይላል። ይበልጣል መጽሔቱን አጠፈና፣

«ቃሉ ሰውየውን ካልወሰደው፣ ሰውየው ራሱ ቢሄድስ?» አለኝ።

«የት?»

«ወደ ሌላው ገጽ ነዋ! በእግሩ!»

ሊቅ ነው ወይስ ዕብድ ነው እያልሁ ትንሽ አየሁት። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ፤ እኔም ያው ነኝ ማለት ነው።

መሥሪያ ቤታችን ጣና ዳር ነው። ከየገጠሩ የሚመጣ ባለጉዳይ የማይጠፋበት፣ ክፍሉ የበዛ፣ በር ላይ ግን አንድም ጽሑፍ የሌለበት ቤት ነበር። ታይፒስቷ ጥሩዓለም ትባላለች። የዘጌ መሪጌታ ልጅ ናት፤ ቅኔ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ምላሱ እንዴት እንደሚሳል ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ እሷ ፊት ስቆም ስሜን እረሳለሁ። ረቂቃችንን ይዤ ሄድሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ገጽ ነው» አልኋት።

«የማን ገጽ? የአንተ ከሆነማ መጀመሪያ ተላጭተህ ና!»

ቢሆንም ተየበችልን። ሰማያዊውን መስመር እኔ በእስክርቢቶ አሰመርሁ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ገጽ መግቢያው አጠገብ ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍነው። «እንኳን ወደ ገጻችን በደህና መጡ!» ይላል። ከሥሩ በሰማያዊ፣ የትኛው ጉዳይ በየትኛው ክፍል እንደሚያልቅ ለማወቅ የፈለገ መዝገብ ቤቱ በር ላይ፣ የኳስ ወሬ የናፈቀው ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ ከሠራተኞቹ ጋር መተዋወቅ የፈለገ ደረጃው ሥር፣ ቀልድ ያማረው ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ እንዲሄድ ይነግራል። መጸዳጃ ቤቱ የይበልጣል ሐሳብ ነው። «ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ምን ሥራ አለው?» አለኝ።

ሻይ ሰዓት ሳይደርስ መሥሪያ ቤቱ ተናወጠ! የሒሳቡ ሰው ደረጃው ሥር፣ የግዢው ሰው ሻይ ቤቱ በር ላይ... ኮሪደሩ የጥምቀት ዕለት መንገድ መሰለ። ወንበሩ ላይ የተገኘ ሰው የለም። ዘበኛው አያ ደሴ ሳይቀሩ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ከኳስ ወሬ ወደ ቀልድ ሲሻገሩ በዐይኔ አየኋቸው። መጽሔቱ «ተጠቃሚው ሲበዛ መጨናነቅ ይፈጠራል» ይል ነበር። ተፈጠረ!

ኃላፊያችን አቶ ከልካይ ይባላሉ። ስም አወጣጥ እንዲህ የሠመረለት ቤተሰብ አላጋጠመኝም። ፈቃድ ይከለክላሉ፤ አበል ይከለክላሉ፤ ጮክ ብሎ መሳቅ እንኳ ይከለክላሉ። ደወላቸውን ደወሉ፤ ማንም አልመጣም። ወጡ። ሰሌዳውን አዩ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። በቁጣ ወደ መዝገብ ቤት ነጎዱ፤ ከዚያ ወደ ሻይ ቤት፤ ከዚያ ወደ ደረጃው ሥር። ኋላ ኋላ ግን የሚመራቸው ቁጣው መሆኑ ቀርቶ ሰማያዊው መስመር የሆነ መሰለኝ። ምክንያቱም መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ግንባራቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠግተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ነው! አቶ ከልካይ! በዚያችው ቅጽበት ጥሩዓለም ከውስጥ ሆና በሩን በረገደችው።

ጓ!

መጽሔቱ «ሲስተሙ ወደቀ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሦስታችንም ቢሮአቸው ተሰልፈን ቆመናል። ግንባራቸው ላይ ሎሚ የምታህል እብጠት ወጥታለች።

«የዚህ ነገር ጠንሳሽ ማነው?»

ይበልጣል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንም ሳይበልጥ ቀረ፤ ከኋላዬ ተሸጎጠ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አልሁ። «ኢንተርኔት የሚባል...»

«ስንታየሁ! ኢንተርኔት የሰው ግንባር በበር ይመታል?»

«በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ» አለች ጥሩዓለም። «ገጹንም የተየብሁት እኔው ነኝ። የሚባረር ሰው ካለ ከእኔ ይጀመር።»

ሳላስበው ወደ እሷ ተጠጋሁ። ግማሹ በፍርሃት ነው፤ ግማሹን ለእናንተ ትቼዋለሁ። አቶ ከልካይ ባዶ ወረቀት ሳቡና መጻፍ ጀመሩ። የስንብት ደብዳቤ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። ሥራ ከያዝሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ዱርቤቴ ያሉ ታናናሾቼ የሚማሩት በእኔ ደመወዝ ነው። ምን ብዬ ልነግራቸው ነው? በሰማያዊ እስክርቢቶ ተባረርሁ?

በሩ ተንኳኳ። ጋቢ የደረቡ፣ በትር የያዙ ሽማግሌ ገቡ። ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ጉዳያቸው ተጓትቶባቸው ስንት ጊዜ የተመላለሱ ባለጉዳይ ናቸው።

«የዚህ ቤት አለቃ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ነበር አባቴ?»

«እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው። አንዱ ወደ ላይ ውጣ፣ አንዱ ወደ ታች ውረድ ሲለኝ ጫማዬን ጨረስሁ። ዛሬ ግን ወረቀቱ ራሱ እጄን ይዞ አደረሰኝ። ጉዳዬ አለቀ! ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ። ማነው እሱ?»

አቶ ከልካይ የጀመሩትን ደብዳቤ አዩ፤ እኛን አዩ፤ ግንባራቸውን ዳበስ አደረጉ።

«እኛ ነን አባቴ» አሉ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁ። ሲወጡ እብጠቷን ልብ አሉና «ይህን ያህል የሚያስብ ራስ ማበጡ አይቀርም፤ እግዜር ይማርዎ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ ማን ይከልክለን! ደብዳቤው ተቀደደ። በማግስቱ አቶ ከልካይ «የኃላፊው መልእክት» የሚል ጽሑፍ ከጉርድ ፎቶግራፍ ጋር ይዘው መጡ፤ ፎቶው ከሁሉ በላይ እንዲለጠፍም አዘዙ። ዛሬ የአንዳንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ስትከፍቱ፣ የመጣችሁበትን ጉዳይ ሳታገኙ የኃላፊው ፎቶ ፈገግ ብሎ የሚቀበላችሁ ለምን እንደ ሆነ ገባችሁ? በሽታው ከእኛ ነው የተነሣው። ይቅር በሉን!

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከጣና በኩል እየገፋ መጣና ሰማያዊው ቀለም ይወርድ ጀመር። ኔትወርክ ሄደ ማለት ነው። ደረጃው ሥር የነበረውን ገጽ ሳነሣ ከስሜ ቀጥሎ እኔ ያልጻፍሁት መስመር አየሁ። በታይፕ ተመትቶ በብጣሽ ወረቀት የተለጠፈ ነው፤ «ይህ ገጽ ገና በመሠራት ላይ ነው» ይላል። ያላለቀ ገጽ እንዲህ ተብሎ እንደሚለጠፍበት ከመጽሔቱ ተርጉሜ ለጥሩዓለም የነገርኋት እኔው ነኝ! እየሮጥሁ ሄድሁ።

«መቼ ነው ተሠርቶ የሚያልቀው?» አልኋት።

ቀና እንኳ አላለችም። «ሽማግሌ ሲላክ» አለችና መተየቧን ቀጠለች።

እውነተኛው ኮምፒውተር ከእነ ኢንተርኔቱ ሲመጣ «ይህን የሚያውቅ ስንታየሁ ነው» ተብዬ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። አቶ ከልካይም ሽማግሌ ሆነው በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። ሲመለሱ እንደ ነገሩኝ፣ መሪጌታ መጀመሪያ የጠየቁት «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ነው። አቶ ከልካይ «ኢንተርኔት» ቢሉ ነገር እንዳይበላሽ ሰጉና ቃሉን ወደ አማርኛ መለሱት።

«መረብ ነው ሥራው።»

የመሪጌታ ፊት በራ። «መረብ? ጣና ላይ?»

«እዚያው ጣና ዳር።»

«እሰይ! ሐዋርያትስ መረብ ጣዮች አልነበሩ? ሰጥቻለሁ!»

አሁን ይህን ማን ያርመው? ጥሩዓለምን ብጠይቃት «አባቴ አንዴ ያመሠጠሩትን አንተ ልትፈታው ነው?» አለችኝ። ተውሁት። ተጋባን፤ ማኅሌት ተወለደች። እኔም መሪጌታ ከዘጌ በመጡ ቁጥር ቀድሜ ዓሣ ገበያ ሄጄ ወፍራም ቀረሶ ገዝቼ እጠብቃቸዋለሁ። አማችነት ቀላል መሰላችሁ?

ባለፈው እሑድም መጡ። ዕድሜ ይስጣቸውና ዐይናቸው ቢደክምም ጥያቄያቸው አልደከመም።

«ስንታየሁ ልጄ፣ መረቡ እንዴት ሰነበተ?»

ያን ዕለት ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔት የለውም። ማኅሌት ስልኳን ወደ ጣሪያው አንሥታ ሳሎኑን ስትዞር ነው የዋለችው።

«ተበጥሷል አባታችን» አልሁ፤ እውነቴን ነው። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም የለም።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አጽናኑኝ።

«አይዞህ ልጄ። ሐዋርያቱ እንደ ታዘዙት በስተቀኝ በኩል ጣለው።»

ማኅሌት ሰማች። ስልኳን ወደ ቀኝ አዞረችው...

መጣ!