ጉዳዩ፦ ዜግነቴን ስለማስረከብ

(ዘመኑ የደርግ፣ ከተማው ቆቦ። ልብስ ሰፊው ፈንታው የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ የስፌት መኪናው ላይ ደብዳቤ ይጽፋል። ግመል ነጂው ታሂር ከቀበሌ ስብሰባ በቀጥታ መጥቶ አጠገቡ ቆሟል።)

ፈንታው፦ «ጓድ» ካላልኩትማ መዝገብ ቤት አይቀበለውም!

ታሂር፦ አገሬን ጥዬ ልሄድ ነው አላልከኝም እንዴ፣ አያ ፈንታው?

ፈንታው፦ ነው እንጂ።

ታሂር፦ እየጣልከው ጓድ ትለዋለህ?

ፈንታው፦ ተቃውሞ ሥርዓት አለው! ስማ። «ለጓድ የቀበሌው ሊቀመንበር። ጉዳዩ፦ ዜግነቴን ስለማስረከብ። ከሱቄ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ለስብሰባ ይፈለጋል ተብሎ ከተወሰደ እነሆ ሰባት ወር ሆነው። ስለዚህ እናንተ ወንበሬን ካልመለሳችሁ እኔ ዜግነቴን እመልሳለሁ።»

ታሂር፦ በወንበር?

ፈንታው፦ ደንበኛ ቆሞ ሱሪ ይጠብቃል? ሁሉም ዋጃ ከተማ ድረስ እየሄደ ያሰፋ ጀመር!

ታሂር፦ እውነትህን ነው። እኔም ዛሬ እሷው ላይ ነበር የተቀመጥኩ፤ ትመቻለች። ስብሰባው ላይ ደግሞ አንድ ነገር...

ፈንታው፦ (እጁን አንስቶ) ስብሰባ አታንሳብኝ! የቀረሁት በተቃውሞ ነው። እኔ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የውጭ አገር ሰው ነኝ።

ታሂር፦ (ዙሪያውን ዞሮ አይቶት) ምንህም አልተለወጠ።

ፈንታው፦ ከውስጥ ነው!

ታሂር፦ እሺ። ወዴት ልትሄድ ነው?

ፈንታው፦ ለጊዜው ጅቡቲ። ከዚያ ፈረንሳይ ራሷ «ኧረ እኔ ዘንድ እደር» እያለች ትለምነኛለች። ካርታ የማያውቅ ሰው ሩቅ ይመስለዋል፤ የአንድ ስንዝር መንገድ ነው።

ታሂር፦ ውሃ ከየት ትቀዳለህ?

ፈንታው፦ ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር አለ።

ታሂር፦ እሱ እኮ በበጋ አሸዋ ነው። ወይስ እኔና ግመሎቼ ካርታ ስለማናነብ ይሆን በጥም የምናልፈው?

ፈንታው፦ ለዚህ ነው ተማር የምልህ! በል መጨረሻውን ስማ። «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለአውራጃው፣ ለክፍለ ሀገሩ፣ ለተባበሩት መንግሥታት።» ውሰድና ለሊቀመንበሩ ስጥልኝ።

ታሂር፦ የለም።

ፈንታው፦ እምቢ ነው?

ታሂር፦ ኧረ ሰውየው ነው የሌለ! ሴሚናር አለብኝ ብሎ አሰብ ወርዶ በዚያው ባሕሩን ተሻገረ። ዛሬ ነው የተነገረን።

ፈንታው፦ (ብዕሩ ከእጁ ወድቆ) ማመልከቻ ሳያስገባ?

ታሂር፦ ወላሂ፣ ግልባጭ እንኳ አላደረገም።

ፈንታው፦ ሥርዓት አልበኛ! ታዲያ የእኔን ደብዳቤ ማን ይቀበላል?

ታሂር፦ አብሽር፣ አዲስ ተመርጧል።

ፈንታው፦ ማን የሚሉት ጅል እሺ አለ?

ታሂር፦ እሺማ አላለም፤ አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ የተጠቆመው ሁሉ ታምሜያለሁ አለ፤ ጎረቤትህ አራጌማ ሞቻለሁ ሊል ምንም አልቀረው። ኋላ «በቃ የቀረውን እንምረጥ» ተባለ። የቀረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ፈንታው፦ (ደብዳቤውን ቀስ ብሎ እያጣጠፈ) ማነው የጠቆመኝ?

ታሂር፦ እኔ ነኛ! ሁሉን ያውቃል አልኩ። ጭብጨባው እዚህ ድረስ አልተሰማህም?

ፈንታው፦ ዝናብ መስሎኝ የተሰጣ ልብስ ሳስገባ ነበር! ምን በደልኩህ ታሂር? እኔ እኮ ሂያጅ ነኝ!

ታሂር፦ ከአውራጃው የመጡት ሰዎች፣ ያኛው ከጠፋ ወዲህ፣ ሊቀመንበር ከቆቦ ንቅንቅ አይልም ብለዋል። ለክብርህ ሁለት ጥበቃ በርህ ላይ ያድራል። (ከሽርጡ እጥፋት ማኅተምና አንድ ወረቀት አውጥቶ ያስቀምጣል) ይኸው ማኅተሙ፤ አድርስለት ብለው ሰጡኝ።

ፈንታው፦ ወረቀቱስ?

ታሂር፦ የእኔ የይለፍ ወረቀት ነው። ግመሎችህን ለማኅበር አስረክብ አሉኝ፤ ግመሎቹን ባማክራቸው አንዳቸውም አልፈለጉ። ያኛው ሊቀመንበር ሁለት ዓመት ሙሉ አልፈርምም ብሎ አንገላታኝ። አንተ ግን አገር ልቀቅ ልቀቅ ሲል ሆድን እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃለህ።

ፈንታው፦ አንተ! አንድም ቀን እሄዳለሁ ስትል ሰምቼህ አላውቅም!

ታሂር፦ (ማኅተሙን በትንፋሹ እፍ እፍ እያለ ያቀብለዋል) እሄዳለሁ እያልኩ ባወራማ ኖሮ አያ ፈንታው፣ ዛሬ ሊቀመንበር የምሆነው እኔ ነበርኩ።