በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ዝምድና

መዳፍ የማታህል ወረቀት በሙጫ ግድግዳ ላይ መለጠፏ በቤተ መዘክሩ ታሪክ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ክንውን ነው። የለጠፈቻት የጽሑፍ ክፍሏ ሠራተኛ ናት። ወረቀቷ ቲራኖሳውረስ ስለተባለው ግዙፍ ዳይኖሰር አፅም ታወራለች፦ ሥጋ በል ነበር፤ ጥርሱ ሙዝ ያህላል፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት የቅርብ ዘመዶቹ ወፎች ናቸው፣ ዶሮን ጨምሮ።

ዳይሬክተሩ እስከ ሙዙ ድረስ ደረታቸውን ነፍተው አነበቡ። ዶሮዋ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ማን ፈቀደልሽ?»

«አጥንቱ ነዋ ጌታዬ። ውስጡ እንደ ወፍ ባዶ ነው፤ እግሩም ሦስት ጣት...»

«አጥንት እዚህ መሥሪያ ቤት የመፈረም ሥልጣን የለውም! ማኅተማችን ላይ የተቀረጸ አውሬ እንዴት ዶሮ ይዛመዳል? የትልቅ ዘመዱም ትልቅ ነው!»

አንድን እውነት አንድ ሰው ብቻውን መሻሩ ነውር ነውና ኮሚቴ ተቋቋመ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ለዘመድነት አንበሳን አጩ።

«አንበሳ ግን ጡት አጥቢ አይደለም እንዴ?» አሉ የጥበቃ ኃላፊው።

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወዲያው ጡት መጥባት በአፈጻጸም ወቅት የሚታረም ጥቃቅን ክፍተት መሆኑ ታመነበትና አንበሳ በሙሉ ድምፅ ዘመድ ሆነ። ሠራተኛዋም «ወይ አርሚ፣ ወይ ሥራሽን አስረክቢ» ተባለች። የስምንት ዓመት እንጀራዋ ነው፤ ዶሮዋ ላይ «አንበሳ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ለጠፈች። እጇ ታዘዘ፣ ሆዷ ግን አኮረፈ።

በአፅሙ ምረቃ ዕለት ዳይሬክተሩ በክብር እንግዳው ፊት «የታላቅ ዘር ከታላቅ ይመዘዛል» እያሉ ንግግር ሲያደርጉ፣ እጅጌያቸው ላይ ላባ የተጣበቀባቸው አሮጊት ከኋላ ሰው እየገፉ መጡና አፅሙ እግር ሥር ጎንበስ አሉ።

«ወይ ጉድ! አንተ፣ ና እስቲ ወንድሜ! ይሄ የዶሮ እግር አይደል? ዶሮ አርብቼ ያስተማርኩህ እኔ እህትህ ልሳሳተው?» አሉ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረው።

የክብር እንግዳው አንዴ የአሮጊቷን አፍንጫ፣ አንዴ የዳይሬክተሩን አፍንጫ አዩ።

«ያውቋቸዋል?»

«በፍጹም!» አሉ ዳይሬክተሩ።

አሮጊቷ ቀና ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይቅርታ ጌቶቼ፣ እርጅና ነው። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ የእኔ ዘመድ ሊሆኑ አይችሉም» ብለው ወጡ።

ሠራተኛዋ ወደ ግድግዳው ሄደች። በሰው ሁሉ ፊት አንበሳውን በጥፍሯ ላጠችው። የከለከላት የለም፤ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወለሉን ያይ ነበር።